የቅንጣት መጠን የሴራሚክን ጠባይ እንዴት ይለውጣል?



ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መንገድ ዳር ከሚገኙት የእህል ወፍጮዎች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ከአንድ ጆንያ የወጣ ስንዴ ሲሸረከት ቅንጬ፣ ልሞ ሲፈጭ ዱቄት መሆኑ ነው። ከቅንጬ ዳቦ አይጋገርም፤ ከላመ ዱቄትም ቅንጬ አይወጣም። ስንዴው ግን ያው ስንዴ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የቅንጣቱ መጠን ነው።

በትምህርት ቤት የተማርነው ትምህርት ይህን ነገር ብዙም አይነግረንም። የአንድ ነገር ጠባይ የሚታወቀው ከምን እንደተሠራ በማወቅ ነው፤ ወርቅ ቢሰባበርም ወርቅ ነው፣ ጨውም ቢደቅ ጨው ነው ተብለን አድገናል። ይህ አባባል እውነት ነው፤ ግን ወሰን አለው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ፌሮኤሌክትሪክ ሴራሚክ የሚባሉትን ነገሮች ነው። እነዚህ ነገሮች ቅንጣታቸው እየደቀቀ ሲሄድ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ከአንድ መጠን በታች ሲወርዱም የሚታወቁበትን ጠባይ ጨርሰው ያጣሉ።

«የሳይንስ ተማሪዎች ሞልተው ሳለ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በዚህ ነገር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በላቦራቶሪ የሚታወቅ ነገር በአማርኛ ተብራርቶ ካልተነገረ፣ ዕውቀቱ የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል። ነገሩን በአገር ቋንቋ የማስረዳቱ ሥራ ደግሞ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎችም ድርሻ ነው። ስለዚህ ያልተለመደ ቃል ባጋጠመ ቁጥር ትርጉሙን እዚያው እየሰጠን እንሄዳለን።

1. የሁነታ ለውጥ ማለት ምን ማለት ነው?

በረዶ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል፤ ውሃም ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። በሦስቱም ውስጥ ያለው ያው ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው፤ የተለወጠው አደራደራቸው ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ «የሁነታ ለውጥ» እንበለው። የሁነታ ለውጥ የሚደርሰው በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው፤ ያ ሙቀት ግን ከሁኔታ ጋር ይለዋወጣል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአቃቂ ግን 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ምክንያቱም በከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። እንግዲህ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «የት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና አንባቢ ልብ ይበል።

የሁነታ ለውጥ ነገሩ ሳይቀልጥም ይደርሳል። አቃቂ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት አገር ስለሆነች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ብረትን ማግኔት ይስበዋል። ብረቱ በእሳት ግሎ ከ770 ዲግሪ ሲያልፍ ግን፣ ገና ጠጣር ሳለ፣ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ሲቀዘቅዝም እንደገና ይስበዋል። ይህ የለውጥ ሙቀት በፈረንሳዊው ሊቅ በፒየር ኩሪ ስም «የኩሪ ነጥብ» ይባላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በብረት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለ እንደሆነ ጎረቤታሞቹ አቶሞች ተስማምተው ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይናወጣል፤ ስምምነቱም ይፈርሳል።

እንግዲህ ማግኔትነት የአንድ አቶም ብቻውን ያለ ጠባይ ሳይሆን የማኅበር ጠባይ መሆኑን አየን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

2. ፌሮኤሌክትሪክ

ከብረት ማግኔትነት ጋር የሚመሳሰል ጠባይ በኤሌክትሪክም በኩል አለ። ይህን ያገኘው በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ቫላሴክ ነው። የሮሼል ጨው የሚባለውን ክሪስታል ሲመረምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ግኝቱን ገለጸ። ክሪስታሉ ከውጭ ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው እንኳ አንዱ ወገኑ ፖዚቲቭ፣ ሌላው ወገኑ ኔጋቲቭ ሆኖ ይገኛል፤ ከውጭ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ይህ ዝንባሌው ሊገለበጥ ይችላል። ጠባዩ የብረትን ማግኔትነት ስለሚመስል «ፌሮኤሌክትሪክ» ተባለ። «ፌሮ» የብረት ስም ቢሆንም በነገሩ ውስጥ ብረት መኖሩ ግዴታ አይደለም።

የሮሼል ጨው በውሃ የሚሟሟና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ለብዙ ሥራ አልተመቸም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን ያሉ ተመራማሪዎች፣ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ፣ ባሪየም ቲታኔት የሚባለውን ነገር አገኙ። ይህ እንደ ሸክላ የሚተኮስ፣ ጠንካራ፣ ውሃም የማያሟሟው ሴራሚክ ነው። የትምህርታችን ዋና ምሳሌ እርሱ ነው።

የባሪየም ቲታኔትን አሠራር ለመረዳት አንዲት ኩብ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። በስምንቱ ማዕዘኖቿ ላይ የባሪየም፣ በአራቱ ግድግዳዎቿ፣ በወለሏና በጣሪያዋ እምብርት ላይ የኦክሲጅን፣ በቤቲቱ መካከል ደግሞ የቲታኒየም አተሞች አሉ። የቤቲቱ ጎን 0.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። ክሪስታሉ በሙሉ እንዲህ ያሉ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የሠሩት ትልቅ ከተማ ነው።

ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሆን ቲታኒየሙ በአማካይ በቤቱ መካከል ይገኛል፤ ቤቲቱም ትክክለኛ ኩብ ናት። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ቲታኒየሙ ወደ አንዱ ግድግዳ ይጠጋል፤ ቤቲቱም በዚያ አቅጣጫ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ትረዝማለች። የፖዚቲቩና የኔጋቲቩ ማዕከል ተለያየ ማለት ነው። ይህንን «ዝንባሌ» እንለዋለን። ቅዝቃዜው ቀጥሎ 5 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዝንባሌው ከግድግዳ ወደ ሁለት ግድግዳዎች መገናኛ፣ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ወደ ማዕዘን ይዞራል። ስለዚህ ባሪየም ቲታኔት አራት ሁነታዎችና ሦስት የመሸጋገሪያ ሙቀቶች አሉት።

የአንዲቱ ቤት ቲታኒየም ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደሆነ የጎረቤቱን ይጎትታል፤ ጎረቤቱም ቀጥሎ ያለውን ይጎትታል። ዝንባሌው የሚጸናው በዚህ መተጋገዝ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፦ ማኅበሩ እያነሰ ቢሄድ ስምምነቱ እስከ ስንት ይጸናል?

3. ከጤፍ ፍሬ እስከ ናኖሜትር

መጠኑን በምናውቀው ነገር እንለካው። የጤፍ ፍሬ ርዝመት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ለ1,000 ብንከፍለው 1 ማይክሮን ይሆናል፤ ማይክሮኑን ደግሞ ለ1,000 ብንከፍለው 1 ናኖሜትር ይሆናል።

ባሪየም ቲታኔት በተለመደው ዘዴ የሚሠራው ባሪየም ካርቦኔትና ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚባሉትን ዱቄቶች ቀላቅሎ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በማጋል ነው። የተገኘው ነገር ይፈጫል፤ በቅርጽ ይጨመቃል፤ ከዚያም 1,300 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ እቶን ይተኮሳል። በተኩሱ ጊዜ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹን እየዋጡ ያድጋሉ። በተተኮሰው ሴራሚክ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ክሪስታል «ፍሬ» እንበላት። ዱቄቱ የላመ ከሆነና ተኩሱ በልክ ከተያዘ ፍሬው ትንሽ ይሆናል፤ እሳቱ ከበዛና ከቆየ ግን ፍሬው ይተልቃል።

አሁን አንድ መለኪያ ያስፈልገናል። ካፓሲተር በሁለት ስስ ብረቶች መካከል የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ ነው። በብረቶቹ መካከል ባዶ ቦታ በመተው ፈንታ አንድ ነገር ብናስገባ፣ ካፓሲተሩ የሚይዘው ቻርጅ ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚነግረን ቁጥር ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር ይባላል። ፍሬው በአሥሮች ማይክሮን የሚቆጠር ባሪየም ቲታኔት፣ በክፍል ሙቀት፣ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚደርስ ቁጥር አለው። ፍሬው ወደ 1 ማይክሮን ሲያንስ ግን ቁጥሩ ወደ 5,000 ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 ክኒፕካምፕና ሃይዋንግ የተባሉ ጀርመኖች ይህንን የፍሬ መጠን ውጤት ገለጹ፤ በ1985 ደግሞ አርልት፣ ሄኒንግስና ደ ዊት በሰፊው መርምረውታል። ፍሬው ከ1 ማይክሮን ብዙ ዝቅ ሲል ቁጥሩ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ውጤቱ እንደ ኮረብታ ነው፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይወርዳል።

አወጣጡ በምን ምክንያት ነው? በአንድ ፍሬ ውስጥ ያሉት ቤቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አያዘነብሉም። በየሠፈራቸው ተከፍለው፣ አንዱ ሠፈር ወደ ላይ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ጎን ያዘነብላል። እያንዳንዷ ቤት ስታዘነብል ስለምትረዝም፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢረዝሙ ፍሬው ዙሪያውን ከከበቡት ፍሬዎች ጋር ይጋፋል፤ በሠፈር መከፋፈሉ ግፊያውን ያቀልለታል። ፍሬው ሲያንስ ሠፈሮቹ ይጠባሉ፤ የሠፈር ድንበሮቹም ይበዛሉ። ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ድንበሮቹ ወዲያና ወዲህ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ድንበር ሲበዛ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩም ይበዛል። እነአርልት የሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው። ከእነርሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቡሰም፣ ክሮስና ጎስዋሚ ሌላ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እንደ እነርሱ አባባል ፍሬው በጣም ሲያንስ በሠፈር መከፋፈሉ ይቀርና ግፊያው በውስጡ ታምቆ ይቀራል፤ ይህ የታመቀ ግፊያ ዝንባሌውን በቀላሉ የሚናወጥ ያደርገዋል።

የመሸጋገሪያ ሙቀቶቹም ይነቃነቃሉ። ፍሬው እያነሰ ሲሄድ ላይኛው መሸጋገሪያ፣ ማለትም የኩሪ ነጥብ፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታችኞቹ ሁለቱ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣሉ። ለውጡም በአንድ ዲግሪ ላይ ድንገት የሚደርስ መሆኑ ይቀርና በሰፊ የሙቀት ክልል ላይ ይንጣለላል።

4. ቁልቁለቱ፦ ገጽ ሲበዛ

ከ1 ማይክሮን በታች ያለውን ቁልቁለት ለመረዳት ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የቤቲቱ ጎን 0.4 ናኖሜትር ነው ብለናል። ጎኑ 1 ማይክሮን የሆነ ኩብ ቅንጣት በአንድ ጎኑ 2,500 ቤቶችን ይደረድራል። ከነዚህ በገጹ ላይ ያሉት ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞሉም። ጎኑ 100 ናኖሜትር ሲሆን በአንድ ጎን 250 ቤቶች፣ በጠቅላላው 15,625,000 ቤቶች አሉት፤ በገጹ ላይ ያሉት 372,008 ስለሆኑ ከመቶ 2.4 ያህል ናቸው። ጎኑ 10 ናኖሜትር ሲሆን ግን በአንድ ጎን 25 ቤቶች፣ በጠቅላላው 15,625 ቤቶች ብቻ ይቀሩታል፤ ከእነዚህ 3,458ቱ፣ ማለትም ከመቶ 22ቱ፣ ዳር ላይ የሚኖሩ ናቸው።

ዳር ላይ ያለች ቤት በአንድ ወገኗ ጎረቤት የላትም። የሚጎትታት ስለሚያንስ ዝንባሌዋን የሚያጸናው ኃይል ይቀንሳል። በዙሪክ ከተማ ካንዚግና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እጅግ የደቀቁ ፌሮኤሌክትሪክ ቅንጣቶችን መርምረው የገጹ ንጣፍ ከውስጡ የተለየ ጠባይ እንዳለው አመልክተዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ኤሌክትሪካዊ ነው። ቅንጣቱ ሲያዘነብል አንዱ ገጽ ፖዚቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል። እነዚህ የገጽ ቻርጆች በቅንጣቱ ውስጥ ዝንባሌውን ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል ይፈጥራሉ። ቅንጣቱ ትንሽ ከሆነና ቻርጆቹን የሚያጣፋ ነገር በአጠገቡ ከሌለ፣ ዝንባሌው ራሱ በፈጠረው ተቃዋሚ ይሸነፋል።

ሦስተኛው ምክንያት ግፊት ነው። የውሃ ጠብታ ክብ የሚሆነው ገጹ እንደ ተወጠረ ቆዳ ወደ ውስጥ ስለሚጨምቀው ነው፤ ጠብታው ባነሰ መጠን ጭመቃው ይበረታል። በደቀቀ የሴራሚክ ቅንጣትም ላይ እንዲሁ ነው። ባሪየም ቲታኔት ደግሞ ግፊት ሲበዛበት ኩብ መሆንን ይመርጣል፤ የኩሪ ነጥቡም ይወርዳል። በአቃቂ ያለው የአየር ግፊት ማነስ የውሃን መፍያ እንደሚያወርድ፣ እዚህም ግፊት የመሸጋገሪያውን ሙቀት ያናጋል፤ እዚህ ላይ ግን ግፊቱን የሚፈጥረው የቅንጣቱ የራሱ ማነስ ነው።

ይህን በቁጥር የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ሊድ ቲታኔት ነው። በጅምላው ሲሆን የኩሪ ነጥቡ ወደ 500 ዲግሪ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓናዊው ኢሺካዋና ባልደረቦቹ ቅንጣቶቹን በመጠን እየለዩ ለክተው የሚከተለውን ቀመር አወጡ፦

የኩሪ ነጥብ በዲግሪ = 500 − 588.5 ÷ (የቅንጣቱ መጠን በናኖሜትር − 12.6)

አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢሞክረው የሚከተለውን ያገኛል፦

መጠኑ 100 ናኖሜትር ሲሆን — 493 ዲግሪ
መጠኑ 50 ናኖሜትር ሲሆን — 484 ዲግሪ
መጠኑ 25 ናኖሜትር ሲሆን — 453 ዲግሪ
መጠኑ 15 ናኖሜትር ሲሆን — 255 ዲግሪ

ከ100 ወደ 50 ስንወርድ 9 ዲግሪ ብቻ ተቀነሰ፤ ከ25 ወደ 15 ስንወርድ ግን 200 ዲግሪ ገደማ ተቀነሰ። ለውጡ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይንኮታኮታል። ወደ 14 ናኖሜትር ሲጠጋ የኩሪ ነጥቡ ከክፍላችን ሙቀት ጋር ይስተካከላል፤ ያ ዱቄት በጠረጴዛችን ላይ ፌሮኤሌክትሪክ መሆኑ ይቀራል ማለት ነው።

5. ሊቃውንቱ ለምን አልተስማሙም?

ለባሪየም ቲታኔት ግን አንድ ቁጥር ማግኘት ቀላል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኡቺኖና ባልደረቦቹ ዱቄቱ 120 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ በክፍል ሙቀት ኩብ ይሆናል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን የጣልያኑ ቡስካግሊያ ያለበት ቡድን እጅግ ደቃቅ ፍሬ ያለው ጥብቅ ሴራሚክ መርምሮ፣ ወሰኑ ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ነው ሲል ገመተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጁንኬራና ጎሴ በሒሳብ ባወጡት ውጤት፣ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለ የባሪየም ቲታኔት ስስ ንጣፍ 2.4 ናኖሜትር፣ ማለትም ስድስት ቤት ያህል ውፍረት እስኪደርስ ድረስ ዝንባሌውን ሊይዝ ይችላል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፎንግና ባልደረቦቹ በሊድ ቲታኔት ስስ ንጣፍ ላይ ሦስት ቤት ብቻ ውፍረት ባለው ጊዜ እንኳ ዝንባሌው እንዳለ በራጅ ለክተው አሳዩ።

ታዲያ ከ120 እስከ 2.4 ድረስ የሚራራቅ መልስ እንዴት ይታመናል? የታሪክ ተማሪ ዜና መዋዕል ሲያነብ ጸሐፊው ማን እንደነበረ፣ የት ሆኖ ለማን እንደጻፈ ይጠይቃል። የሳይንስን ቁጥርም እንዲሁ ልንጠይቀው ይገባል።

አንደኛ፣ ቅርጹ ምን ነበር? ስስ ንጣፍ የሚያንሰው በውፍረቱ ብቻ ነው፤ በርዝመቱና በወርዱ ብዙ ጎረቤት አለው። የዱቄት ቅንጣት ግን በሁሉም ወገን ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ምን ነበር? ኤሌክትሮድ የገጹን ቻርጅ ያጣፋለታል፤ ለብቻው የቆመ ቅንጣት ይህ እርዳታ የለውም። ሦስተኛ፣ እንዴት ተሠራ? በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚዘጋጅ ዱቄት ከውሃው የመጣ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን በክሪስታሉ ውስጥ ይዞ ይቀራል፤ ይህም ቅንጣቱን ወደ ኩብነት ያደላዋል። አራተኛ፣ በምን ተለካ? በራጅ ሲታይ፣ የረዘመች ቤት ሁለት የተለያዩ መስመሮችን ትሰጣለች፤ ኩብ ቤት ግን አንድ መስመር ብቻ ትሰጣለች። ቅንጣቱ ሲደቅ መስመሮቹ ራሳቸው ስለሚሰፉ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በሌላ ዘዴ፣ በሌዘር ብርሃን ሲመረመር፣ በራጅ ኩብ የመሰለው ቅንጣት በውስጡ ያዘነበሉ ቤቶች እንዳሉበት የሚታይበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ለሚለው «የት?» ብለን እንደመለስነው፣ «ወሰኑ ስንት ናኖሜትር ነው?» ለሚለውም «በምን ቅርጽ፣ በምን አሠራር፣ በምን መለኪያ?» ብለን እንመልሳለን። ቁጥሮቹ የተራራቁት ከጥያቄዎቹ መለያየት የተነሣ ነውና።

6. ነገሩ ለምን ይጠቅማል?

በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባሪየም ቲታኔት ካፓሲተሮች አሉ። እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ወይም የሚስተካከሉ ሆነው፣ በውስጣቸው ብዙ የሴራሚክና የብረት ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጾች ተደራርበዋል። ዕቃው እንዲያንስና ብዙ ቻርጅ እንዲይዝ ንጣፉ ከ1 ማይክሮን በታች እንዲሳሳ ይፈለጋል። ንጣፉ ሲሳሳ ፍሬውም ከንጣፉ እጅግ ማነስ አለበት። ፍሬው ሲያንስ ግን ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ ይወርዳል። መሐንዲሶች የሚታገሉት በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል ነው። ከመጠኑ ሌላ ቅመምም ይጨምራሉ፤ ስትሮንሺየም የኩሪውን ነጥብ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሊድ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ሊድ ለጤና አደገኛ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ከማንኛውም የኤሌክትሪክ መስመር የተለየና ምንም ቻርጅ ያልያዘ አዲስ የሴራሚክ ካፓሲተር፣ ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትርና ሙቅ ውሃ ይበቃል። ከካፓሲተሮቹ ዓይነት «ዋይ-5-ቪ» የሚባለውን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ውሃ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክረው ቁጥሩ በግልጽ ሲወርድ ያያል። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር የኩሪ ነጥቡ በቅመም ወደ ክፍል ሙቀት እንዲቀርብ ስለተደረገ፣ ሲሞቅ ከኮረብታው ጫፍ ይወርዳል። «ኤክስ-7-አር» የሚባለው ዓይነት ግን የተሠራው ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ለውጡ ከመቶ 15 እንዳይበልጥ ተደርጎ ስለሆነ ብዙም አይነቃነቅም። ሁለቱም ባሪየም ቲታኔት ናቸው፤ የለያያቸው ቅመሙ፣ የፍሬው መጠንና አተኳኮሱ ነው።

7. ስለ ዱቄትና ስለ ገል

በመጨረሻ አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። የባሪየም ቲታኔት ኬሚካዊ ቀመር በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል፤ የተሠወረ ነገር የለውም። ሙያው ያለው ግን ዱቄቱን እስከ ምን ማላም እንደሚገባ፣ በምን ያህል እሳት፣ ለምን ያህል ጊዜ መተኮስ እንደሚገባ በማወቁ ላይ ነው። ቀመሩን በፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ ሴራሚኩን ያውቀዋል ማለት አይደለም።

ይህን ዓይነት ዕውቀት አገራችን ጨርሳ አላጣችውም። ሸክላ ሠሪዎቻችን የተሰበረ ገል ፈጭተው ከጭቃው ጋር ይቀላቅላሉ። ጭቃው ልሞ ብቻውን ቢሆን በሚደርቅበትና በሚተኮስበት ጊዜ እንደሚሰነጠቅ፣ ሻካራ ፍሬ ሲገባበት ግን እንደሚጸና ያውቃሉና ነው። ይህ ሥራ ከሁነታ ለውጥ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ነገር ግን «ከምን?» ብቻ ሳይሉ «ምን ያህል የላመ?» ብሎ መጠየቅን ከእኛ አስቀድመው የለመዱት እነርሱ ናቸው። ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ሲንቅ የኖረ ማኅበረሰብ ልጆች እንደመሆናችን፣ ይህን ንቀት ይዘን ወደ ላቦራቶሪ ብንገባ የምንጎዳው እኛው ነን። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያው ክፍለ ከተማ የብረታ ብረት ፋብሪካዎችና ወፍጮዎች አሉ። የቀለም ተማሪውና የእጅ ሙያተኛው በአንድ ሠፈር እየኖሩ ሳይጠያየቁ መቅረት የለባቸውም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጎኑ 20 ናኖሜትር በሆነ ኩብ ቅንጣት ውስጥ ስንት ቤቶች አሉ? በገጹ ላይ የሚገኙት ከመቶ ስንት ናቸው?

2. በኢሺካዋ ቀመር መሠረት 20 ናኖሜትር የሆነ የሊድ ቲታኔት ቅንጣት የኩሪ ነጥቡ ስንት ዲግሪ ነው?

3. ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ወሰን ቢሰጡ፣ አንዱ ተሳስቷል ከማለታችን በፊት ምን ምን ልንጠይቅ ይገባል?

የሁለቱን ጥያቄዎች ሒሳብ የሠራ አንባቢ መልሱን ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛው ጋር ያስተያይ፤ ሦስተኛውን ግን ከታሪክ ክፍል ጓደኛው ጋር ይወያይበት።